ስምንተኛው ፖርት

ጡረታ የወጣሁት በሰኔ መጨረሻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ካባ ደረቡልኝ፣ አንድ ትልቅ ቴርሞስ ሰጡኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ሐሳቤ ሞላሌ ካለው ቤቴ ገብቼ ማረፍ ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ ከቤቴ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት የከፈተው ጎረቤቴ መጣ።

«እትዬ በለጡ፣» አለኝ፣ «ለሱቁ ካሜራና ስልክ ላስገባ ነው። ያ በኔትወርክ ገመዱ ውስጥ መብራት አብሮ የሚልከው ስዊች፣ ባለ ስምንት ፖርቱ ነው ባለ ዐሥራ ስድስቱ የሚሻለኝ?»

«ምን ምን ልትሰካበት ነው?»

«እሱን ገና አላሰብኩበትም። መጀመሪያ ስዊቹን ልግዛ ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ መርጬ አውቃለሁና። ያን ቀን ቁጭ አድርጌ የነገርኩትን፣ «ጻፊው እንጂ» ያሉኝ ሰዎች ስላሉ እነሆ እጽፈዋለሁ። መልሱ ብቻውን ከተጻፈ የዕቃ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ከየት እንዳገኘሁትም አብሬ መናገር አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት መሐል ሜዳ ነው። ክፍላችን የመንግሥት ቢሮዎችን የመገናኛ ዕቃ የሚተክልና የሚጠግን፣ አራት ሰው ያለበት ትንሽ ክፍል ነበር። ያኔ ዕቃ ማለት ከመኪና ባትሪ ጋር የሚያያዝ የሬዲዮ መገናኛ ነው። ከዚያ ፋክስ መጣ፣ ከዚያ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ገመድ። በየወረዳው ጣሪያ ላይ ስወጣ የሚሰበሰበው ሰው ከአንቴናው ይልቅ እኔን ያይ ነበር። ግሼ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ወንድ ጠፍቶ ነው አንቺን የላኩሽ?» ብለው ከልባቸው አዝነውልኛል። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ውሎ አበሉ ደግሞ ሥራው ከተረሳ በኋላ ይመጣል። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ እድሪስ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ከአፋፉ በታች ባሉት ከተሞች በንግድ የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሳቸው ብቻ ከጨርቁና ከጨው ሽቦውን መረጡ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሌላው ሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ያያል፤ እሳቸው ግን ዕቃውን አውጥተው እንደ በግ ሆዱን ይገለብጡትና ከሥሩ የተለጠፈችውን ደቃቅ ጽሑፍ መነጽራቸውን አንስተው ያነባሉ። ቁጥሩን በማስታወሻ ደብተራቸው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዕቃው አንድ ቃል የሚናገሩት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ተተክሎ ካበቃ በኋላ የእጃቸውን ጀርባ አስጠግተው ሙቀቱን ያያሉ። ከላዩ ነጭ ፕላስተር ይለጥፉና የመረጡበትን ምክንያት በአጭሩ፣ የተሸከመውን ጭነትና ስማቸውን ይጽፉበታል። «ስሙ ያልተጻፈበት ዕቃ አባት የለውም፤» ይሉ ነበር። ደግሞም ሥራው በጊዜ ቢያልቅም እንኳ ሳይመሽ አይነሱም። መግሪብ ሲደርስ እዚያው ግቢ ውስጥ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ይሰግዱና፣ ሲጨርሱ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ እያንዳንዱን ዕቃ አይተው፣ «እንሂድ» ይላሉ። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃቸው ነበር። በሆዴ፣ ሶላታቸውን አክብረው ነው የሚቆዩት እል ነበር። ዙረቱን የእግር ማፍታቻ አድርጌ ነው የቆጠርኩት።

በገመድ መብራት የሚልከው ስዊች ወደ እኛ የደረሰው እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ካሜራ ለመስቀል ሁለት መስመር እንዘረጋ ነበር፤ አንዱ ለመረጃው፣ አንዱ ለመብራቱ። ካሜራው አጠገብ ሶኬት ከሌለ ግድግዳ መብሳት ነው። አዲሱ ስዊች ሁለቱንም በአንድ ቀጭን ገመድ ይልካል። ካሜራው፣ የጠረጴዛ ስልኩ፣ ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው የዋይፋይ ዕቃ፣ ሁሉም ከአንድ ሣጥን ይጎርሳሉ። ያ ሣጥን ደግሞ ባትሪ ባለው ማቆያ፣ በዩፒኤስ ላይ ከተሰካ፣ መብራት ቢጠፋም ሁሉም ለጊዜው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በጣም ወደድነው።

ጋሽ እድሪስ የመጀመሪያውን ገለበጡና አነበቡ።

«ስንት ፖርት፣ ስንት የገመድ መሰኪያ አለው?» አሉኝ።

«ስምንት።»

«ለስንቱ ያበላል?»

«ለስምንቱም ይልካል ይላል፣ ጋሼ።»

«ይልካል ማለትና ያጠግባል ማለት አንድ ነው? እዚህ ጋ አንብቢ።» ጣታቸውን ከሥሩ አሳረፉ። ጠቅላላው ስድሳ አምስት ዋት ይላል። «አንዱ ፖርት ብቻውን እስከ ሠላሳ ሊሰጥ ይችላል፤ ስምንቱ ተደምረው ግን ከስድሳ አምስት አያልፉም። ሁለት ሆዳም ከሰካሽበት ለቀሩት ስድስቱ ምን ተረፈ? ስለዚህ ሰው ስዊች ሊገዛ ሲመጣ ስለ ስዊቹ አትጠይቂው። የሚሰኩትን አንድ በአንድ አስጽፊው። አጠገባቸው ከፍተኛውን ፍጆታቸውን ጻፊ፣ ደምሪ፣ ከላዩ ሲሶ ጨምሪበት። ከዚያ ያንን የሚችል ስዊች ፈልጊ። የፖርቱ ቁጥር መጨረሻ ነው የሚመጣው።»

ይህን በቃሌ አጠናሁት። ፈተና ቢሆን ኖሮ መቶ ከመቶ አገኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ዓለም ከተማ ተዛወርኩ። የመርሐቤቴው ሥራ በእኔ ኃላፊነት ሆነ። ጋሽ እድሪስ መሐል ሜዳ ቀሩና ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። እኔ ሃምሳን ትንሽ አልፌ ነበር፤ ሥራውን ጨርሼ ያወቅሁ የሚመስለኝ ዕድሜ ነው።

ቆላው ውስጥ፣ ስሙን የማልጽፈው አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ያኔ የእጅ ስልክ አይሠራበትም፤ ሰው ለመደወል ከፈለገ ከግቢው በስተጀርባ ያለውን ኮረብታ ግማሽ ሰዓት መውጣት አለበት። ስለዚህ ገደሉ አናት ላይ ካለው ማማ በሬዲዮ መስመር አምጥተን ሁለት የጠረጴዛ ስልክ እንድናስገባ ታዘዝን፤ አንዱ ለኃላፊው ቢሮ፣ አንዱ ለማዋለጃ ክፍሉ። ከዚያ በተጨማሪ አራት ካሜራና ሁለት የዋይፋይ ዕቃ። ስምንት ዕቃ ሆነ። መጋዘናችን ውስጥ ባለ ስምንት ፖርት ስዊች አለ። ስምንትና ስምንት ገጠመልኝ።

ሳልደምር አልቀረሁም። ደምሬያለሁ። ግን የደመርኩት በእጄ የለካሁትን ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ቀን፣ አንዱን ካሜራ ሰክቼ ብለካው አራት ዋት በላ። አራት ጊዜ አራት ዐሥራ ስድስት። ዋይፋዮቹ ሰው ሳይጠቀምባቸው ሰባት ሰባት፣ ስልኮቹ አራት አራት። ሁሉም ሠላሳ ስምንት ሆነ። ከስድሳ አምስቱ ሠላሳ ስምንት፤ እንዲያውም ተረፈ አልኩ። የካሜራው ሆድ ሥር ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩም። እዚያ ላይ ሌላ ቁጥር ነበር።

ተከላውን ሁለት ቀን ሠራን። በሁለተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በራ። ገመዶቹን እንዳለቁልኝ በተራ ሰካኋቸው፤ መጀመሪያ ካሜራዎቹ፣ ከዚያ ዋይፋዮቹ፣ ከዚያ የኃላፊው ስልክ፣ በመጨረሻ፣ ስምንተኛው ፖርት ላይ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን ስልኩን አንስታ ዓለም ከተማ ደወለችና አወራች። ደስ አላት። «እትዬ፣ ካሁን በኋላ ኮረብታ መውጣት ቀረ ማለት ነው?» አለችኝ። «ቀረ» አልኳት። ወደ ዓለም ከተማ የምትመለሰው የመጨረሻ መኪና በዐሥር ሰዓት ትነሳ ስለነበር ዕቃዬን ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ፕላስተር አልለጠፍኩበትም። ለሚቀጥለው ጊዜ አልኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ሲስተር ብርቱካን ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

«ስልኩ አይሠራም» አለችኝ።

ገብቼ አነሳሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ሲስተር፣ ይሠራል እኮ።»

«አሁን ይሠራል። ትናንት ሲመሽ ሞቶ ነበር።»

የሆነውን ቆማ ነገረችኝ። የሺ የምትባል ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት በቃሬዛ መጥታለች። ምጡ ጠንክሮ ልጁ አልወርድ አለ፤ ሆስፒታል ደርሳ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ብርቱካን አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን ብታነሳ መስታወቱ ጨለማ ነው። ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች፤ ተቆልፏል፣ ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቷል። ዘበኛውን ወደ ኮረብታው ሰደደችው። በጨለማ ወጥቶ እስኪደውል፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቃጠለ። ሆስፒታል ሲደርሱ እናቲቱን አተረፏት። ልጁ ሞቶ ወጣ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?» አልኳት።

«አልጠፋም። አምፖሉ በርቶ ነው ስታምጥ ያደረችው። እዚሁ ይቀመጡና ሲመሽ ይዩት» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ፈተሽኩት፤ ገመዱ ደህና፣ ፖርቱ ደህና፣ ስልኩ ደህና። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲስተር ብርቱካን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ደጁ እየደበዘዘ ሲሄድ ካሜራዎቹ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰሙ። በጨለማ ለማየት በፊታቸው ዙሪያ ያሉትን ቀያይ መብራቶች ማብራታቸው ነው። አንዱ በራ፣ ሁለተኛው በራ፣ ሦስተኛው በራ። የሠራተኞቹ መኖሪያ እዚያው ግቢ ስለሆነ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ ዋይፋዩን መጠቀም ጀምሯል። አራተኛው ካሜራ ሲበራ የስልኩ መስታወት ድርግም አለ።

«አዩት?» አለችኝ።

አየሁት። ካሜራው ቀን አራት ዋት ይበላል፣ ሲመሽ ዘጠኝ። አራቱ ሠላሳ ስድስት። ዋይፋዮቹ ሰው ሲበዛባቸው ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት። ከስልኮቹ ጋር ስድሳ ስምንት። ስዊቹ ስድሳ አምስት ነው የሚችለው። አልችል ሲል የሚጥለው ደግሞ ከመጨረሻው ጀምሮ ነው፤ ማንም ካላዘዘው አንደኛውን ፖርት እንደ በኩር፣ ስምንተኛውን እንደ ትርፍ ይቆጥራል። ስልኩ ከተተከለ ጀምሮ በየምሽቱ ይሞት፣ ጠዋት ይነሳ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ማንም ስላላነሳው ማንም አላወቀም።

በማግስቱ መቶ ሃያ ዋት የሚችል ስዊች አምጥቼ ቀየርኩት። የማዋለጃውን ስልክ አንደኛው ፖርት ላይ አድርጌ፣ ምን ቢመጣ መጨረሻ የሚቋረጠው እሱ እንዲሆን አዘዝኩት። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። የሆነውን እንደሆነው ጽፌ ለክፍሉ ኃላፊ ለአቶ ተፈራ ሰጠሁ። አንብበው ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

«በለጡ፣ ይኼ ወረቀት ከዚህ ከወጣ አንቺንም እኔንም ያስጠይቃል። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ቀድማ ብትመጣ ልጁ ሊተርፍም ላይተርፍም ይችል ነበር ነው ያለው። በኃይል መቆራረጥ ምክንያት ብለሽ ጻፊው። እዚህ አገር መብራት ተቆራረጠ ቢባል ማን ይገረማል?»

«መብራቱ አልተቆራረጠም እኮ፣ አቶ ተፈራ።»

«ልጁን ይመልሰዋል ወይ?»

አይመልሰውም። ሁለተኛውን ወረቀት ጻፍኩና ፈረምኩ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አቶ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።

በወሩ ፈቃድ ጠይቄ መሐል ሜዳ ጋሽ እድሪስ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ቀና አላሉም። ስጨርስ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው ከዚያ የተነሳሽው?» አሉኝ።

«ዐሥር ሰዓት። መኪናዋ እንዳታመልጠኝ ብዬ።»

«እኔ ስንት ሰዓት ላይ እነሳ ነበር?»

«እርስዎማ መግሪብ ሰግደው ነው።»

«ሶላቱን ቤቴም መስገድ እችል ነበር፣ በለጡ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀን የሚያርፍ፣ ሲመሽ ግን ሥራ የሚጀምር ዕቃ ብዙ ነው። ጭነቱን የምታይው ሲመሽ ነው። እሱን ለማየት ነበር የምዞረው። በአፌ አልነገርኩሽም። አይታ ትማራለች ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

ሻዩን ቀዳሁላቸው። እሳቸውም አልደገሙም። ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ለጎረቤቴ የሰጠሁት ምክር በአብዛኛው የነዚያ ዓመታት ነው። ዘመሮ ላይ አንድ ትንሽ ቢሮ ስዊቹን ሌባ እንዳይወስደው ብሎ ቀዳዳ በሌለው የብረት ሣጥን ቆልፎበት አገኘሁ፤ እጄን ባስጠጋው ያቃጥላል፣ በየቀትሩ ይዘጋል። ማራገቢያ የሌለው ስዊች ድምፅ ስለማያሰማ ለቤትና ለመኝታ ክፍል ጥሩ ነው፤ ግን አየር ይፈልጋል፤ ሣጥኑን አስበሳነው። ግሼ ላይ አንድ ትምህርት ቤት የገዛው ርካሽ ዕቃ ደግሞ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሳይጠይቅ መብራት የሚለቅ ዓይነት ነበር። ደህናው ስዊች መጀመሪያ «መብራት ትፈልጋለህ? ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይልክም። ያኛው ዝም ብሎ ላከና የአንዲት መምህርትን ኮምፒውተር አቃጠለ። ገመዱም ያው ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ለጥቂት ሜትር ያታልላል፤ ሲረዝም ግን መብራቱ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ገመዱም ይሞቃል። ከገበያ ሲገዛ ጫፉን በምላጭ መፋቅ ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መመለስ።

ሁለት ዕቃ ብቻ ያለውን ሰው ስዊች አትግዛ እለዋለሁ። በአንድ ገመድ ላይ ብቻ መብራት የሚጨምር ኢንጀክተር የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ፤ ሁለቱ ይበቁታል። ነጋዴዎቹ ለዚህ ምክሬ አይወዱኝም። ዩፒኤስ ሲገዛም የሚቆጠረው የስዊቹ ብቻ ሳይሆን ከስዊቹ የሚበሉት ሁሉ ጭነት ነው። የትኛው ዕቃ መጨረሻ መጥፋት እንዳለበትም ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ሰው ካሜራው ይላል፣ ትንሽ ካሰበ በኋላ ስልኩ ይላል።

በተከልኳቸው ሁሉ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ፤ የማታው ጭነትና ስሜ ተጽፎበታል። አንድም ቀን ሳይመሽ አልተነሳሁም። በዚህ የተነሳ ስንት መኪና እንዳመለጠኝና በስንት ሰው ቤት እንዳደርኩ አልቆጠርኩትም። ጋሽ እድሪስ ከአራት ዓመት በፊት አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ያን ወረቀት አልነካውም። ዘጠኙን ዓመት እንደ ተራ ውሸት ቆጥሬ ቻልኩት። ጡረታ ስወጣ የሚያስጠይቀኝ አለቃ የለም፣ የምፈራውም የለም፤ ለምን አልሄድኩም ብል ምክንያት አጣሁ። ሲስተር ብርቱካንን ደውዬ ጠየቅኋትና መንደሩን አገኘሁ። በጥቅምት መጨረሻ ዓለም ከተማ አድሬ፣ በማግስቱ ወደ ቆላው ወርጄ፣ ከመንገዱ ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄጄ ደረስኩ።

«ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። አንድ ትልቅ ውሻ ተወርውሮ መጣ። አንዲት ሴት በዱላ መለሰችው። የሺ ናት። ደጁ ላይ የማሾ ጥራጥሬ በሰሌን አስጥታ እየለቀመች ነበር። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ጎረቤት ሄደው ይጫወታሉ።

እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ መደብ ላይ አስቀመጠችኝና ውኃ ሰጠችኝ። ውኃውን ሳልጠጣ ተናገርኩ።

«እኔ የጤና ጣቢያውን ስልክ የተከልኩት ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አንቺ ስታምጪ ያልሠራውን።»

ወደ ሰሌኗ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ስልኩ መብራት የሚያገኘው ከአንድ ዕቃ ነው። ዕቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለሰካኋቸው ሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ሲመሽ አንዱን ይጥል ነበር፤ የሚጥለውም ያንቺን ስልክ ነበር። እስኪመሽ ቆይቼ ብሞክረው ኖሮ አየው ነበር። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ሄድኩ።»

«መብራት ጠፍቶ ነው አሉን እኮ» አለችኝ።

«አልጠፋም። ጠፋ ብሎ ወረቀቱ ላይ የፈረመውም የእኔ እጅ ነው።»

እጇ ማሾው ውስጥ እንደገባ ቀረ። «ስልኩ ቢሠራ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። ሐኪሙም አላውቅም ነው ያለው። አምቡላንሱ ግን ከሰዓት በላይ ቀድሞ ይደርስልሽ ነበር።»

«ወንድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች። «እኔ ያን ሰሞን ከወንዙ ማዶ እንጨት ተሸክሜ መጥቼ ነበር። አማቴ አትሸከሚ ብለውኝ ነበር፤ እልህ ይዞኝ ተሸከምኩ። ልጁ ሲሞት፣ ያ እንጨት ነው የገደለው አሉ። እኔም እሱ ነው አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚህ ቤት፣ ልጇን በእንጨት የገደለች ነኝ። ማንም መጥቶ ሌላ ነገር አልነገረኝም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ የተኛ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ጀርባ ላይ ነበር የተጫነው። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«አማቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ይቆያሉ?» አለችኝ። «እንደነገሩኝ አድርገው ይንገሩልኝ።»

ቆየሁ። አማቷ እማማ አስካለ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ ሴት ናቸው። ፊታቸው ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ እንደገና ተናገርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉና ምራታቸውን አዩአት።

«እንጨቱ አይደለም?» አሉኝ።

«ስለ እንጨቱ እኔ የማውቀው የለም፣ እማማ። ከሐኪሞቹ ግን እንጨት ነው ያለ ሰው የለም። የዘገየው መኪና ነው፤ መኪናውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ የሺ ወደተቀመጠችበት ሰሌን ሄዱና በጭንቅ ዝቅ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ማሾውን አብረዋት ይለቅሙ ጀመር። የሺ መጀመሪያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከዚያ ሰሌኑን ሳብ አድርጋ ለሁለቱም በሚመች ቦታ አስተካከለችው።

መሄጃዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። እሺም፣ እምቢም አላለችኝም። ቀድማኝ ወጥታ፣ ከአጥሩ አልፌ መንገዱ እስክገባ ድረስ ውሻውን በሁለት እጇ አንገቱን ይዛ ቆየችልኝ።